ሳሎን የገባው ምንጭ

እኔ ውሃ እፈራለሁ። የምፈራው ወንዝ ወይም ጎርፍ አይደለም፤ እንግዳ ስሆን በብርጭቆ ተሞልቶ «ጠጡ» ተብሎ የሚቀርብልኝን ውሃ ነው። ወደ መስኮት አዙሬ በብርሃን ካላየሁት ከጉሮሮዬ አይወርድም። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ምራቶቼ ቤታቸውን የናቅሁባቸው እየመሰላቸው ይቀየሙኛል። አልፈርድባቸውም፤ መቱ ላይ፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ፣ አንድ የሐምሌ ቀን ከጠዋት እስከ አመሻሽ ያየሁትን አላዩም። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ ልንገራችሁ።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ኡካ ነው። አባቴ ከሸዋ ከመጡት ወገን ስለሆነ ቤታችን አማርኛ፣ ደጃችን ኦሮምኛ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ለመቱው ቡና ነጋዴ ለጌታሁን ዳሩኝ። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ሳወራችሁ «እሱ» የምለው ባለጌ ሆኜ አይደለም፤ አንቱታው የቀረው በዚያው ቀን ነው።

ሁለት ልጅ ወልጄ ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሱ ቀብሬያለሁ። ሦስተኛዋ ቆመችልኝ፤ ምትኬ አልናት። አራት ዓመቷን ይዛ ነበር። እሷ ስታስነጥስ የምታመመው እኔ ነኝ። ቡናው፣ በቅሎው፣ ቆርቆሮ ቤቱ፣ ሰው የሚቀናበት ሁሉ፣ እሷ ከሌለች ለእኔ ባዶ ነበር።

ጌታሁን ደግ ሰው ነው። አንድ አመል ግን አለው፦ ያማረውን ነገር ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ጊዜ ቡና ጭኖ ጅማ ሄዶ፣ አንድ ሹም ሳሎን ውስጥ በድንጋይ ላይ የሚወርድ ውሃ አይቶ መጣ። ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ «ሶርን ቤቴ አስገባታለሁ» ሆነ። ሶር እንግዲህ ያ ከመቱ ወዲያ ጫካው መሀል የሚወረወረው ፏፏቴ ነው። እኔ ቀልድ መስሎኝ፣ በበቅሎ ነው ወይ የሚያመጧት ብዬ ጠየቅሁት። በበቅሎ አመጣት።

እውነቴን ነው። በቅሎዎቹን ነድቶ ሄዶ ከሶር ዳር ጥቋቁር ድንጋይ ከነአረንጓዴ ሽበቱ ጭኖ ተመለሰ። ከጓሯችን በላይ፣ ከተዳፋቱ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ነበረን። ከምንጩ እስከ ቤቱ ጀርባ፣ አንጓውን በጋለ ብረት እየበሳ ቀርከሃ በቀርከሃ ሰክቶ ዘረጋ። ከግድግዳው ውጭ ቆጥ አቁሞ ባዶ የነዳጅ በርሜል ሰቀለ። ውሃው መጀመሪያ በርሜሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በጎማ ግድግዳውን አልፎ ይገባና ከድንጋዮቹ አናት ላይ ይወርዳል። ከሥር በሲሚንቶ ገንዳ ሠርቶ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። የተረፈው ውሃ በትንሽ ቦይ ወጥቶ ጎደሬውን ያጠጣል። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅበት አፍርሶ እንደገና ሠራ፤ የጭቃው ግድግዳ እንዳይርስ ደግሞ በቆርቆሮ ለበጠው። እኔ ጭቃ ስጠርግ ከረምኩ።

ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ምትኬ እየዘለለች አጨበጨበች። አማቴ እትዬ ዘነበች ብቻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። አብረውን ነበር የሚኖሩት፤ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ነበሩ። እሳት ነው ቤት የሚገባው፣ ውሃ የሚያምርበት ደጅ ነው፣ አሳስቆ የሚወስድ ነገር ሳሎን አታስቀምጡ አሉ። ጌታሁን ሳቀ። እኔም ባሌ ስለሳቀ ሳቅሁ።

ከዚያማ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሊያይ ይጎርፋል። የኖፓ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ መጡ። ምትኬ ጨዋታዋን ሁሉ እዚያው አደረገችው። ከድንጋዩ ሥር ቆማ አንገቷን ታቀናና የሚንጠባጠበውን በአፏ ትቀበላለች። እንግዶቹ ይስቁላታል፣ እኛም «ጎበዝ» እንላታለን። ይህን ሳስበው ዛሬም ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ሐምሌ ገባ። የእኛን አገር ዝናብ የማያውቅ ሰው ዝናብ አያውቅም፤ ሲጀምር ማቆሚያውን የሚረሳ ዝናብ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ የምትኬ ትራስ ላይ ደም አየሁ። ነስሯት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አቅፌ ሳነሳት አሳላትና መዳፌ ላይ ተፋች። ቀይ፣ ትኩስ ደም ነው። 

ያኔ ደም መትፋት ሲባል የምናውቀው አንድ በሽታ ነው፤ ስሙንም ቤት ውስጥ አንጠራውም። ያ በሽታ የገባበት ሰው መቃብሩ ተቆፍሮ ነበር የሚጠበቀው። ጌታሁንን ጠርቼ እጄን አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ልጅቱን በጋቢ ጠቀለለና በዝናቡ ይዟት ወጣ፣ እኔም ጃንጥላውን ይዤ ጭቃው ውስጥ እየወደቅሁ እየተነሳሁ ተከተልኩት።

ክሊኒኩ በር ላይ ያገኘነው ዘበኛውን ብቻ ነው። መርፌ ወጊው ድሬሰር ለሥራ ጎሬ ሄዷል፣ ዝናቡ ካላባራ አይመለስም አለን። ጅማ እንዳንወስዳት መንገዱ በጭቃ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ የጭነት መኪኖቹ እንኳ እንደ ሞተ በሬ መንገድ ላይ ተጋድመዋል። በበቅሎ እንዳንሄድ፣ በዚያ ዝናብ ደም የምትተፋ ልጅ ይዞ የት ይደረሳል? ይዘናት ተመለስን። ሁለታችንም አንተያይም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ባሰባት። ድምፅዋ ጎረነነ። አንድ ነገር ሊውጥ እንደሚታገል ሰው በየጊዜው አንገቷን ትሰብቃለች። አስመለሳትና ጥቁር ደም ወጣ፤ ስትውጠው ያደረችው መሆኑ ነው። ከንፈሯ ነጣ። እኔ ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ጣቶቿን መቁጠሬን አስታውሳለሁ። ለምን እንደምቆጥር አላውቅም። ብቻ ሁለቱን የቀበርኩበት አፈር ሽታ መጣብኝ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ፤ እኔ ደግሞ ከተወለደች ጀምሮ ስፈራ ነበር።

እትዬ ዘነበች ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተቱና ደባበሱ። እንጥሏ ወርዷል አሉ። በዚያ ዘመን ልጅ ካሳለው፣ ድምፁ ከተዘጋ፣ መዋጥ ካቃተው፣ እንጥሉ ወርዶ ነው ይባልና ይቆረጣል። የኔም ተቆርጧል፣ የጌታሁንም። እሳቸው ሳያማክሩን ሰው ልከው ኖሮ፣ ኦቦ ገመዳ እርጥብ ካባቸውን ደጅ አራግፈው ገቡ። የከተማውን ልጅ ግማሹን እንጥል የቆረጡ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሽማግሌ ናቸው። ከጨርቅ ውስጥ ጫፉ የቆለመመ ትንሽ ብረት አውጥተው እሳት ላይ ያዙት።

ብረቱ ሲቀላ አየሁ። ኡካ ሳለሁ የጎረቤታችን ልጅ እንጥሉን ተቆርጦ ደሙ አልቆም ብሎ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ደም በምትተፋ ልጅ ላይ ሌላ ደም ሊጨመር ነው። ጌታሁንን አየሁት፤ መሬት መሬቱን ያያል። እትዬን እንቢ የሚል ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ እኔማ ምራት ነኝ፣ ምን ብዬ ልናገር? ልጄን አቅፌ ከመኝታ ቤት ወጣሁ።

ኦቦ ገመዳ ብርሃን ስለፈለጉ ሳሎን፣ ትልቁ መስኮት ሥር ተቀመጥን። ፏፏቴውም እዚያው ነው፤ ጠብታው ክንዴን ይነካኝ ነበር። ምትኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ግንባሯን ያዝኩ። ሽማግሌው ምላሷን በማንኪያ እጀታ ተጫኑና ብረቱን አስጠጉ። ዓይኔን ልጨፍን አልኩ፤ ምን እንደከለከለኝ አላውቅም፣ አልጨፈንኩም። ከእንጥሏ ጀርባ አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። የረጋ ደም መሰለኝ። ከዚያ ያ ደም ቀጠነ፣ ወደ ውጭ ረዘመ፣ አየሩን የሚያሸት መስሎ ተወዛወዘና ተመልሶ ተኮማተረ።

«ይንቀሳቀሳል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

እትዬ ልቤ ለልጄ ስለራራ ሰበብ የፈለግሁ መስሏቸው፣ ዝም ብለሽ ያዣት አሉኝ። ኦቦ ገመዳ ግን ብረቱን መለሱ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ብረቱን በጨርቁ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ዱላንዱላ» አሉ።

ኡካ ላደገ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አልቅት ነው። ልጄ ጉሮሮ ውስጥ አልቅት ተጣብቆ ደሟን እየመጠጠ ነበር።

እስቲ ፍረዱን። እኛ አገር ከምንጭ የተቀዳ ውሃ በነጠላ ሳይጠለል የሚጠጣ የለም፤ ገና በእግሯ የቆመች ልጅ እንኳ ታውቀዋለች። እኔም ከዚያው ምንጭ የቀዳሁትን እንስራ በየቀኑ ሳጠል ነው የኖርኩት። ይህኛውን ግን ማን ያጠለዋል? ሳሎን ገብቷል፣ ሰማያዊ ገንዳ ተሠርቶለታል፣ እንግዳ ቆሞ ያደንቀዋል። ከዚያው ጭቃ ውስጥ የመጣ ያው ውሃ መሆኑን ሁላችንም፣ እትዬ ሳይቀሩ፣ ረስተነው ነበር። ጌታሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ምን እንደሆነ ማወቃችን ፍርሃቱን ቀነሰው እንዳይመስላችሁ። ኦቦ ገመዳ ጣት አይደርስበትም አሉ። በብረት ቢነካ ደግሞ ለቆ ወደ አየር ቧንቧዋ ይገባና ያፍናታል። ዝም ቢባልም እየጠጣ ያድራል፤ ልጅቱ ደግሞ የቀራት ደም ትንሽ ነው።  ፏፏቴው ብቻ ይንፏፏል።

በመጨረሻ ጌታሁን ከወለሉ ላይ ሆኖ፣ በቅሎ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ የምናደርገውን እናውቃለን አለ። ጨው ያስልሷታል፣ ውሃ ይከለክሏታል፤ በደንብ ስትጠማ ቀዝቃዛ ውሃ አፍንጫዋ ሥር ያቀርቡላታል እንጂ አያጠጧትም። አልቅቱም ጠምቶት፣ ውሃውን ሽቶ ራሱ ይወጣል። ያን ጊዜ አመድ በነካ እጅ መያዝ ነው። እትዬ ደረታቸውን ደቁ።

«ልጄ በቅሎ ናት?»

 እኔ ተነስቼ ከጓዳ ጨው አመጣሁ። በዚያ ቤት ማንንም ሳልጠይቅ ያደረግሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ጨዉን ምላሷ ላይ አደረግሁላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ቤቱ ሁሉ ውሃ ነበር። ጣራው ላይ ዝናብ፣ ጓሮ ውስጥ ጎርፍ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያ ፏፏቴ፤ እኔ ግን ለልጄ አንድ ጉንጭ እከለክላለሁ። መኝታ ቤት ይዣት ገባሁ፤ ድምፁ በግድግዳው ያልፋል። «እማዬ ውሃ» ትላለች በዚያ በጎረነነ ድምፅ። ቆይ ልጄ እላታለሁ። «ትንሽ» ትላለች፣ ጣቶቿን አጥብባ እያሳየችኝ። አንጀቴን በላችው። ከእቅፌ አምልጣ ወደ ሳሎን ሮጠች፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ደርሼ ወገቧን ያዝኳት። ነከሰችኝ። ደሟና ደሜ ክንዴ ላይ ተቀላቀለ። ጌታሁን አላስችል ብሎት ጎማውን ሊነቅል ተነሳ፣ በኋላ ለማውጣት ያስፈልገናል ብዬ አስቀመጥኩት።

ከዚያ መለመኗን ተወች። ዓይኗ ተከፍቶ ዝም ብላ ታየኛለች። ያ ዝምታ ከልመናዋ ይልቅ አስፈራኝ። ኦቦ ገመዳ የእጇን ደም ሥር ዳሰው አሁን ይሁን፣ ከዚህ በላይ አትችልም አሉ።

ጌታሁን ገንዳው ዳር ተንበርክኮ በሆዷ አስተኛት። ኦቦ ገመዳ አፏን እንዳትገጥም የማንኪያውን እጀታ በጥርሶቿ መሀል አጋደሙ። ፊቷ ከውሃው በላይ ተሰቀለ፤ ከንፈሯ ሊነካው ትንሽ ነው የቀረው። እኔ ጣቶቼን አመድ አስነክቼ ሸካራ ጨርቅ ይዤ ከጎኗ ተኛሁ፣ ጉንጬ ገንዳው ጠርዝ ላይ ሆኖ ከታች አፏን አያለሁ። እትዬ ከኋላችን እመብርሃንን ይጠራሉ።

መጣ። መጀመሪያ ጫፉ ብቻ፣ ከምላሷ ሥር ጥቁር ሆኖ ታየ። ቸኮልኩ። ጨርቁን ሳስጠጋ አዳለጠኝና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ምትኬ አነቃት። ሰውነቷ ተገተረ፣ ትንፋሽ የለም፣ ከንፈሯ ጠቆረ። እትዬ ኡኡ አሉ። ጌታሁን ግን ደርቆ ቀረ፤ እንደያዛት ነው።

«አንተ! ቀና አድርጋት!» አልኩት።

በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። ማንም ልብ አላለውም፤ እሱም እኔም። ቀና አደረጋት፣ ኦቦ ገመዳ ጀርባዋን መቷት፣ ደም አስሏት ትንፋሿ ተመለሰ። ጌታሁን አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

«አልችልም፣ እጄ ላይ ትሞታለች» አለኝ።

«ትይዛታለህ» አልኩት። «እንደገና ያዛት።»

ያዛት። በሁለተኛው አልቸኮልኩም። ጫፉ ወጣ፣ ዝም አልኩ። ከንፈሯን አልፎ ወረደ፣ ዝም አልኩ። ውሃውን ነክቶ ረዘመ፤ ወፍራሙ ገላው ጥርሷ ላይ ሲደርስ እኔ መተንፈስ ትቼ ነበር። ያኔ ከከንፈሯ ሥር ቆነጠጥኩት። አልጎተትኩም፤ ጨምድጄ ብቻ ያዝኩ። በጣቶቼ መሀል ሲታገል ይሰማኛል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ ላላ፣ ለቀቀ፣ እጄ ላይ ቀረ። የአውራ ጣቴን ያህል ነበር። ወለሉ ላይ ወርውሬ አመድ ደፋሁበት፣ አመዱ ውስጥ ሲጠቀለል አየሁት፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ ራሴን ሳትኩ።

ስነቃ ምትኬ እትዬ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ከእንስራ ውሃ ቀድቼ፣ በነጠላዬ አጥልዬ፣ ደግሜ አጥልዬ አቀረብኩላት። ፊቷን አዞረች። እትዬ ከእጄ ተቀብለው ሲሰጧት ግን ግጥም አድርጋ ጠጣች።

በማግስቱ ጌታሁን ገንዳውን በመዶሻ አፈረሰው፤ የሶርን ድንጋዮች ደጃፍ ላይ መረገጫ አደረጋቸው። እትዬ ዘነበች «ብያችሁ ነበር» ሳይሉ ኖረው ሞቱ፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ። ከተማው የራሱን ወሬ አወራ፤ የምንጩ ቆሌ ተቆጥቶ ነው ያለም ነበር። እኔ ከማንም ጋር አልተከራከርኩም።

እናንተ ይህን የምትሰሙ፣ ፍርሃት ሰውን ያሳንሰዋል ሲሏችሁ ሁልጊዜ እንዳታምኑ። እኔ እስከዚያ ቀን አማቴን እፈራ ነበር፣ ባሌን እፈራ ነበር፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እፈራ ነበር። ያን ቀን ልጄን ማጣት ስፈራ ሌላው ፍርሃት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በቤቴ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ጌታሁንም አንቱታውን መልሺ አላለኝም። ብትጠይቁኝ ደስ ብሎታል፤ አይናገርም እንጂ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ምትኬ አድጋ፣ ተድራ፣ የራሷን ልጅ ስትወልድ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ሕፃኑን እያጠባች በመሀል፣ ከልጅነቴ አንድ ነገር ብቻ ልቤ ውስጥ ቀርቷል አለችኝ። ጠምቷት ነበር፣ ውሃው አጠገቧ ነበር፣ እኔ ደግሞ እንዳትጠጣ ይዣት ነበር። አልቅቱን አታስታውስም። ደሙንም፣ ብረቱንም፣ የአባቷን እንባም አታስታውስም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ የነከሰችኝንም ጠባሳ አሳየኋት። ክንዴን ይዛ ጠባሳውን ሳመችው።

«አባዬ ነግሮኛል፣ አውቃለሁ እማዬ» አለች። «ያኔ ግን አላውቅም ነበር።»